ፓውል ሙለር፦ የዲዲቲ ኃይልና በአፈር ላይ የቀረው ዕዳ

የወባ መድኃኒት ረጪዎች በጎጃም ቆላና ወይና ደጋ ከመንደር ወደ መንደር ይዘዋወሩ በነበረበት ዘመን፣ ባለቤቱ ዕቃውን ወደ ደጅ አውጥቶ፣ ምግቡን ከድኖ፣ ዶሮውን አርቆ፣ ግድግዳው ተረጭቶ እስኪደርቅ ድረስ ከቤቱ ውጭ ይጠብቅ ነበር። ውሃው ሲደርቅ በግድግዳው ላይ የሚቀረው ስስ ነጭ ዱቄት ዲዲቲ ይባላል። የዱቄቱ ስም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠሮች ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ነፍሳትን የመግደል ኃይሉን ያገኘው ሰው ስምና ታሪክ ግን እምብዛም አልተሰማም። ሰውየው የስዊዘርላንዱ ኬሚስት ፓውል ሄርማን ሙለር ነው። የሕይወቱና የሥራው ታሪክ ለኬሚስቱም፣ ለጤና ባለሙያውም፣ ለእርሻ ባለሙያውም አንድ ከባድ ጥያቄ ያቀርባል። ይኸውም እንዲጸና ታስቦ የተሠራ ነገር ተግባሩን ከፈጸመ በኋላ በማን ኃይልና በምን መንገድ ይፈርሳል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙለር ኦልተን በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ጃንዋሪ 12 ቀን 1899 ተወለደ። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበረ ቤተሰቡ መጀመሪያ ወደ ሌንትስቡርግ፣ በኋላም ወደ ባዝል ተዛወረ። ልጁ ትምህርቱን በአንድ ጉዞ አልፈጸመም። በ1916 ትምህርት ቤቱን ትቶ በኬሚካል ፋብሪካ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ፤ ቀጥሎም በሌላ ድርጅት በረዳት ኬሚስትነት ሠራ። በፋብሪካ ያሳለፈው ጊዜ ከመጽሐፍ የማይገኝ የእጅ ዕውቀት አስጨበጠው። በ1918 ወደ ትምህርቱ ተመልሶ በማግሥቱ ዓመት አጠናቀቀ፤ ከዚያም ባዝል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1925 በኬሚስትሪ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በባዝል ከተማ በሚገኘው በጋይጊ ኩባንያ ተቀጠረ፤ እስከ ጡረታው ድረስም ከዚያ አልወጣም። የመጀመሪያ ሥራው ከተባይ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ከዕፀዋት የሚገኙ ቀለሞችንና ቆዳ ማልፊያ ንጥረ ነገሮችን ሲመረምር ቆይቶ፣ ቀጥሎ ሜርኩሪ የሌለበት የዘር ማሸጊያ መድኃኒት አዘጋጀ። ኩባንያው የሱፍ ልብስን ከብል ለመጠበቅ የሚያስችሉ፣ ክሎሪን ያለባቸው ውሕዶችንም ያጠና ስለነበረ ከዚሁ ጥናት የተገኘው ልምድ ለሙለር የኋላ ሥራ መንደርደሪያ ሆነ።

በ1935 ሙለር ነፍሳትን የሚገድል አዲስ ንጥረ ነገር መፈለግ ጀመረ። በዚያን ጊዜ በእጅ የነበሩት መድኃኒቶች ሁለት ዓይነት ጉድለት ነበረባቸው። እንደ አርሰኒክ ያሉት ነፍሳትን ብቻ ሳይሆን ሰውንና ከብትንም ይመርዛሉ። ከዕፀዋት የሚገኙት እንደ ፓይሬትረም ያሉት ደግሞ ለሰው የማያሰጉ ቢሆኑም በፀሐይ ብርሃን በፍጥነት ኃይላቸውን ያጣሉ። ሙለር ከሁለቱም የተሻለ ነገር ለማግኘት ሲነሣ የሚፈልገውን ባሕርይ አስቀድሞ በዝርዝር ወሰነ። ንጥረ ነገሩ ለነፍሳት እጅግ መርዛማ፣ ለሰውና ለዕፀዋት ግን ጉዳቱ አነስተኛ የሆነ፣ ቶሎ የሚሠራ፣ የማያቃጥልና የማይሸት፣ ብዙ ዓይነት ነፍሳትን የሚያጠቃ፣ ዋጋው ርካሽ፣ በመጨረሻም ለረዥም ጊዜ ሳይበላሽ የሚቆይ መሆን ነበረበት። ይህ የመጨረሻው መመዘኛ የኋላ ኋላ የታሪኩ ሁሉ ማጠንጠኛ ሆኗል።

አራት ዓመት ሙሉ ውሕድ በውሕድ እየሠራ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በዝንቦች ላይ ሞከረ። 349 ውሕዶች ከተፈተኑ በኋላ በ1939 መስከረም ላይ የተሞከረው ዲዲቲ ነበር። ዝንቦቹ ዱቄቱን በእግራቸው ነክተው ብቻ እየተንቀጠቀጡ ወደቁ። ሙለርን ይበልጥ ያስደነቀው ግን ከዚያ ቀጥሎ የታየው ነገር ነው። ሣጥኑ በሚገባ ታጥቦ አዳዲስ ዝንቦች ሲገቡበት፣ ምንም መድኃኒት ሳይጨመር ግድግዳውን በመንካታቸው ብቻ እነርሱም ሞቱ። ሣጥኑን ፈታትቶና እንደገና አጥቦ አንድ ወር ያህል ከደጅ አየር ላይ ካላሰጣው በቀር ሙከራውን ሊቀጥል አልቻለም። የንጥረ ነገሩ ታላቅ ብርታትና ታላቅ ጉዳት አንድ ላይ በዚያ ሣጥን ውስጥ ታይተው ነበር፤ በጊዜው የተነበበው ግን ብርታቱ ብቻ ነው።

ዲዲቲ በራሱ አዲስ ውሕድ አልነበረም። ኦትማር ዛይድለር የተባለ ኬሚስት በ1874 በስትራስቡርግ ሠርቶት፣ አሠራሩንም አሳትሞ፣ ለምን እንደሚጠቅም ሳያውቅ አልፎት ነበር። የሙለር ድርሻ ለ65 ዓመት ያህል ተረስቶ በቆየ ውሕድ ውስጥ የተሰወረውን ኃይል ማግኘቱ ነው። ጋይጊ በ1940 የባለመብትነት ማመልከቻ አቀረበ፤ መድኃኒቱ በስዊዘርላንድ የድንች ማሳ ላይ በተነሣው የኮሎራዶ ጥንዚዛ ተሞክሮ ከሠራ በኋላም ለገበያ ቀረበ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመድኃኒቱን ስም በዓለም አናኘው። በጦርነት ጊዜ ቅማል የሚያዛምተው ተስቦ ከጥይት ያላነሰ ሰው እንደሚፈጅ የታወቀ ነው። በ1943 መጨረሻና በ1944 መጀመሪያ በኢጣልያ በኔፕልስ ከተማ ወረርሽኙ ሲነሣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ በዱቄቱ ተነሰነሰ፤ ወረርሽኙም በክረምት ወራት ተገታ። ቀጥሎ ዱቄቱ በወባ ላይ ዘመተ። በ1948 ሙለር የኖቤል የሕክምና ሽልማት ብቻውን ተሸለመ። አንድም በሽተኛ አክሞ የማያውቅ የፋብሪካ ኬሚስት ለሕክምና በተመደበው ሽልማት መከበሩ ዱቄቱ ያተረፈውን ሕይወት ብዛት ያመለክታል።

የዚህ ሥራ ትርጉም በኢትዮጵያ በግልጽ የታየው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1958 ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1950 መጨረሻ እስከ 1951 መጀመሪያ ባሉት ወራት፣ ወባ ከቆላ ወጥቶ ደጋውን ወረረ። በኋላ እንደተገመተው ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ ሞቷል። ወረርሽኙ የበረታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር ላይ ነበር። ፍኖተ ሰላም በ1,900 ሜትር፣ ቡሬም በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚገኙ ናቸውና ሁለቱም በዚሁ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ከእነርሱ ወደ ብር ወንዝና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው አገር ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ለወባ የተጋለጠ ነው። በ1959 ወባን ለማጥፋት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ዋና መሣሪያውም ዲዲቲ ሆነ።

የአሠራሩ ምክንያት ቀላል ነው። የወባ ትንኝ ደም ከመጠጣቷ በፊት ወይም ከጠጣች በኋላ በቤት ግድግዳ ላይ ታርፋለች። በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ እስከ ሁለት ግራም ዲዲቲ ከተረጨ፣ ያረፈችው ትንኝ በሰውነቷ ያለው የወባ ተውሳክ በስሎ ለሌላ ሰው ከመተላለፉ በፊት ትሞታለች። አንድ ጊዜ የተረጨ ቤት ለስድስት ወርና ከዚያም በላይ ስለሚጠበቅ፣ ክረምቱ ሳይከር የሚደረግ አንድ ርጭት ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን የወባ ወቅት ይሸፍናል። መንገድ በሌለበት አገር፣ በበቅሎና በእግር ለሚጓዝ ረጪ፣ በዓመት አንድ ጊዜ መድረስና ሁለት ጊዜ መድረስ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የገጠሩ ሕዝብ ቤቱን ለማሳመር ግድግዳውን በእበትና በጭቃ ሲለቀልቅ መድኃኒቱ ይሸፈንና ከትንኟ ይሰወር ነበር። ከዚህ በቀር ግን ዱቄቱ በራሱ አይጠፋም ነበር።

የመድኃኒቱ ኃይል መሸርሸር የጀመረው በሙለር ዘመን ነው። ሽልማቱን ከመቀበሉ በፊት በአውሮፓ በዲዲቲ የማይሞቱ ዝንቦች ታይተው ነበር። ለዚህ አንደኛው ምክንያት በዝንቦቹ ሰውነት ውስጥ ያለ አንድ ኤንዛይም ነው። ኤንዛይሙ ከዲዲቲ አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ክሎሪን ነቅሎ ዲዲኢ ወደተባለ፣ ለነፍሳት ገዳይነቱ እጅግ ወደቀነሰ ውሕድ ይለውጠዋል። ሌላው ምክንያት ዲዲቲ የሚያጠቃው የነርቭ በር ቅርጹን መለወጡ ነው፤ በኢትዮጵያ የወባ ትንኝ ላይም ይኸው ለውጥ ተገኝቷል። በ1962 አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ሬቸል ካርሰን ዲዲቲንና መሰሎቹን የሚመለከት መጽሐፍ አሳትማ ዓለምን አነጋገረች። ሙለር በ1961 ከጋይጊ ጡረታ ወጥቶ በቤቱ ባደራጀው ላቦራቶሪ ምርምሩን ቀጥሎ ሳለ በኦክቶበር 1965 በባዝል አረፈ። ዕፀዋትንና ተራራን የሚወድ፣ ጸጥ ያለ ሰው ነበር። የዲዲኢ ጉዳት በአሞሮችና በጭልፊቶች ዕንቁላል ላይ መረጋገጡን፣ አሜሪካም በ1972 ዲዲቲን ከእርሻ ማገዷን ሳያይ ሞተ።

ሙለር እንዲቆይለት የፈለገው ጽናት ከየት መጣ? የዲዲቲ ሞለኪዩል እያንዳንዳቸው ስድስት ካርቦን ያሏቸው ሁለት ቀለበቶች ያሉት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ቀለበት ጫፍ አንድ አንድ ክሎሪን፣ ቀለበቶቹን በሚያገናኘው ክፍል ላይ ደግሞ ሦስት ክሎሪኖች ተጣብቀውበታል። በውሃ የሚሟሟው መጠን ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ዝናብ አጥቦ አይወስደውም፤ አፈርን የሙጥኝ ይላል፣ በእንስሳትና በሰው ስብ ውስጥም ይከማቻል። በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ አካባቢ በሰውና በላም ወተት ውስጥ ዲዲቲን ማግኘቱ ይህንኑ ያሳያል። በአፈር ውስጥ የተጨመረው ግማሽ እስኪጠፋ ድረስ እንደ አየሩና እንደ አፈሩ ከሁለት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል ተብሎ ይገመታል።

ይሁንና ዱቄቱ ፈጽሞ የማይፈርስ አይደለም። አፍራሾቹ በአፈርና በጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በ1960ዎቹ የተደረጉ ምርምሮች እንዳረጋገጡት፣ ኦክሲጅን በሌለበት ቦታ ብዙ ተራ ባክቴሪያዎች ከሦስቱ ክሎሪኖች አንዱን ነቅለው በምትኩ ሃይድሮጅን ይተካሉ፤ ዲዲቲም ዲዲዲ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ ከዚህ ሥራ ምግብም ጉልበትም አያገኙም፤ ለሌላ ተግባር ያዘጋጁት የኤሌክትሮን ማስተላለፊያ መንገድ በአጋጣሚ ይህን ያከናውናል እንጂ። ስለዚህም ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ እንዲበረቱም እንደ ፍግ ያለ ሌላ ምግብ ማግኘት አለባቸው።

ቀለበቱን ለመስበር ግን የተለየ ኤንዛይም ያስፈልጋል፤ ይህም ኦክሲጅን ይሻል። ዳይኦክሲጂኔዝ በሚል ስም የሚጠሩት ኤንዛይሞች ሁለት የኦክሲጅን አተሞችን በአንድ ጊዜ ቀለበቱ ላይ ይተክላሉ። በዚህ የተዳከመውን ቀለበት ሌላ ኤንዛይም ይከፍተዋል። በ1994 ይፋ እንደተደረገው አልካሊጄነስ ዩትሮፈስ የተባለ ባክቴሪያ ዲዲቲን በዚህ መንገድ አፍርሶ ክሎሮቤንዞይክ አሲድ አድርጎታል፤ ይህን አሲድ ደግሞ ክሎሪኑን በውሃ ተክተው የሚመገቡት ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ። በ1972 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሙከራ ሁለቱን ደረጃዎች አጋጥሞ ነበር፦ መጀመሪያ ኦክሲጅን በሌለበት፣ ቀጥሎ ኦክሲጅንና ትኩስ ባክቴሪያ ተጨምሮ ዲዲቲ እስከ አንድ ቀለበት ድረስ ሊፈርስ ችሏል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ባክቴሪያ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሥራውም ተራ በተራ የሚፈጸም የደቦ ሥራ መሆኑን ነው።

አስቸጋሪው ዲዲኢ ነው። ዝንብን ከሞት የሚያድነው ያ የኤንዛይም እርምጃ ምድርን አያድንም፤ በአየር በተሞላ አፈር ውስጥም ዲዲቲ በአብዛኛው ወደ ዲዲኢ ይዞራል። ዲዲኢን የሚያጠቁ ባክቴሪያዎች በቤተ ሙከራ ቢገኙም እጅግ ጥቂት ናቸው። የአሞራን ዕንቁላል ቅርፊት የሚያሳሳውም ይኸው ዲዲኢ ነው።

ሆኖም ባክቴሪያዎች ከአዲስ መርዝ ጋር ምን ያህል ሊላመዱ እንደሚችሉ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለ። ሊንዴን ስድስት ክሎሪን ያሉት፣ የዲዲቲ ዘመደኛ የሆነ ፀረ ነፍሳት ነው። በጃፓን ሊንዴን ለዐሥራ ሁለት ዓመት በየዓመቱ ሲጨመርበት ከነበረ የሙከራ ማሳ በ1980ዎቹ የተገኘ አንድ የስፊንጎቢየም ባክቴሪያ ሊንዴንን ብቸኛ ምግቡ አድርጎ ይኖራል። ሊን-ኤ የተባለው ኤንዛይሙ ሃይድሮጅንና ክሎሪንን በአንድነት ይነቅላል፤ ሊን-ቢ የተባለው ደግሞ ክሎሪኑን አስወግዶ ከውሃ የተገኘ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን በቦታው ይተክላል። ተመሳሳይ ኤንዛይሞች ያሏቸው ባክቴሪያዎች በህንድና በፈረንሳይም ተገኝተዋል። ሰው ሠራሽ መርዝ በዓለም ላይ ከተረጨ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላው አፈሩ የራሱን መልስ ማዘጋጀት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ለዲዲቲ ግን ይህን የመሰለ የተሟላ መልስ እስካሁን አልተገኘለትም።

ይህ ዕውቀት ለምዕራብ ጎጃም ባለሙያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የባክቴሪያው ሥራ መጀመሪያ ኦክሲጅን የሌለው ጭቃ፣ ቀጥሎ አየር የሚገባበት አፈር የሚሻ ከሆነ፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋ ደግሞ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ ሁለቱን በየተራ ያስተናግዳል። ውሃ የማይቋጥረው ቀይ አፈር ግን ይህን ዕድል አያገኝም፤ በዚያ ዲዲቲ ወደ ዲዲኢ የመዞሩ ዝንባሌ ያመዝናል። በሁለቱም ላይ ፍግ መጨመር፣ የበርበሬና የበቆሎ ማሳን የሰብል ቅሪት ከማቃጠል ይልቅ መልሶ ማረስ፣ ለምርት ብቻ ሳይሆን ለእነዚህ ረቂቅ ሠራተኞችም ስንቅ ነው። ማሳው ዲዲቲ የነካው መሆን አለመሆኑ ግን በግምት የሚወሰን አይደለም። የድሮ መጋዘን የነበረበት፣ ዱቄት የተደፋበት ወይም ለወባ የመጣው መድኃኒት ከመንገዱ ወጥቶ በእህልና በአትክልት ላይ የተነሰነሰበት ቦታ በላቦራቶሪ መመርመር ይኖርበታል።

ባክቴሪያ የማይችለውም አለ። በአፈር ውስጥ የተበተነ ጥቂት መርዝ የባክቴሪያ ድርሻ ሲሆን፣ በጆንያና በበርሜል የተከማቸ ንጹሕ ዱቄት ግን ባክቴሪያውን ራሱን ይገድላል ወይም አይነካም። በኢትዮጵያ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተቆጠረው ጊዜ ያለፈበት የፀረ ተባይ ክምችት ከ3,000 ቶን በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ 1,500 ቶን ያህሉ ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ፊንላንድ ተጭኖ፣ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ በሚበልጥ ምድጃ ተቃጠለ። አንድ ኤንዛይም በአፈር ሙቀት ቀስ ብሎ የሚፈጽመውን የክሎሪን መንቀል በአንድ ጊዜ ለመፈጸም ይህን ያህል እሳትና የባሕር ጉዞ ጠይቋል።

ሙለርን በእነዚህ ሁሉ መዘዞች መክሰስ ፍርድ ማጉደል ይሆናል። የተነሣው ረኃብንና ተስቦን ሊያስቆም ነው፤ በ1958 በደረሰው እልቂት ሚዛንም ሥራው ታላቅ ነው። ያስቀመጣቸው መመዘኛዎች በዘመኑ የተሟሉ ይመስሉ ነበር፤ የጎደለው ንጥረ ነገሩ ከተግባሩ በኋላ እንዴት እንደሚያልቅ የሚጠይቀው መመዘኛ ብቻ ነው። ዛሬ አዲስ ፀረ ተባይ ከመመዝገቡ በፊት በአፈር ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በምን ኃይል እንደሚፈርስና ወደ ምን እንደሚለወጥ መረጋገጥ አለበት። ይህ ጥያቄ ወደ ሕግ የገባው ከዲዲቲ ታሪክ በተገኘ ትምህርት ነው።

ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም። ኢትዮጵያ ጸንተው የሚቆዩ መርዛማ ውሕዶችን የሚከለክለውን የስቶክሆልም ስምምነት በ2003 አጽድቃ፣ ትንኟ መድኃኒቱን በመልመዷ በ2009 የዲዲቲን የቤት ርጭት በሌሎች መድኃኒቶች ተካች። አዲሶቹ በአፈር ቶሎ ይፈርሳሉ፤ በግድግዳም ላይ ኃይላቸው በጥቂት ወራት ይደክማል። ስለዚህ ረጪው ወደ ቡሬ ቆላዎችና ወደ ብር ሸለቆ የሚደርስበት ቀን ከወባው ወቅት ጋር በትክክል መግጠም አለበት፤ ከዘገየ ወይም ከቀደመ ድካሙ ከንቱ ነው። ዱቄቱ በጽናቱ ይሸፍነው የነበረውን ጉድለት አሁን የሚሸፍኑት መንገዱ፣ በጀቱና የባለሙያው ትጋት ናቸው።